ስሙን ይዘው የመጡት ወጣቶች

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር በሚገኝ አንድ ሆቴል የዝግጅት ክፍል ኃላፊ ሆኜ በምሠራበት ጊዜ፣ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ አንድ የቆየ የሮክ ባንድ ለማስመጣት ከወኪሉ ጋር ውል ተፈራርመን ነበር። የባንዱ ዘፈኖች በእኔ ዕድሜ ያሉ ሰዎች በቃላቸው የሚያውቋቸው በመሆናቸው ከሻሸመኔና ከዲላ ጭምር ጠረጴዛ ያስያዙ ደንበኞች ነበሩን።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሙዚቀኞቹ ዕቃቸውን አውርደው ሳውንድ ቼክ (ከዝግጅቱ በፊት የሚደረገውን የድምፅ ሙከራ) ሲጀምሩ ወደ መድረኩ ሄድኩ። ሊድ ጊታር (ዋናውን ጊታር) የያዘው ወጣት ስልኩን መድረኩ ላይ ባለው የድምፅ ማጉያ ላይ አስደግፎ የባንዱን ዝነኛ ዘፈን የድሮ ቅጂ ይከፍታል፣ ጥቂት ሰምቶ ያቆማል፣ ከዚያም መግቢያውን በጣቶቹ ይፈልጋል። ድራመሩ ደግሞ ዘፈኑ የት ላይ እንደሚያርፍ ኪቦርድ ተጫዋቹን ይጠይቃል። በሩ ላይ በሰቀልነው ባነር ከሚታዩት አምስት ሰዎች አንዱም መድረኩ ላይ አልነበረም። ጊታር ተጫዋቹን ጠርቼ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ነባሮቹ በሌላ መኪና ይደርሳሉ ተብለን ነው የመጣነው» አለኝ።

ወኪሉ ግን ነባሮቹ እንደማይመጡ አልደበቀኝም። ከመካከላቸው አንዱ አርፏል፤ ሌሎቹ ውጭ አገር ይኖራሉ ወይም ሙዚቃውን ትተዋል። «ስሙ በእኔ የተመዘገበ የንግድ ምልክት ነው፤ ከፈለግሁት ሰው ጋር ልሠራበት እችላለሁ» ብሎ የምዝገባ ወረቀቱን አሳየኝ። በወረቀቱ ላይ ጥያቄ አልነበረኝም፤ በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የተመዘገበ ምልክት ባለቤቱን ከሌላ ተጠቃሚ ይጠብቀዋል። ነገር ግን ምዝገባው የስሙን ባለቤት ማንነት ያረጋግጣል እንጂ ትኬት የገዛው ሰው ማንን ሊሰማ እንደመጣ አይወስንም። የእኛ ውል ደግሞ የተጫዋቾቹን ስም በአባሪ ዘርዝሮ ይዟል።

በሮክ ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ይህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ1974 የእንግሊዙ የሮክ ባንድ የፍሊትዉድ ማክ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ክሊፎርድ ዴቪስ ስሙ የእኔ ነው በማለት ነባር አባላቱ የሌሉበትን ቡድን በዚያው ስም ለኮንሰርት ወደ አሜሪካ ላከ፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። የተላኩት ሙዚቀኞች ድራመሩ ሚክ ፍሊትዉድ በኋላ እንደሚቀላቀላቸው ተነግሯቸው እንደነበር ተናግረዋል። የእኛን ጊታር ተጫዋች ስሰማ በአእምሮዬ የመጡት እነዚያ ሰዎች ናቸው፤ በእንዲህ ያለ ሥራ አድማጩ ብቻ ሳይሆን መድረክ ላይ የሚቆመውም ይበደላል።

ይህ ማለት ግን መሥራቾቹ ከሌሉ ባንድ መፍረስ አለበት ማለት አይደለም። የአሜሪካው የሮክ ባንድ ሊናርድ ስኪናርድ እ.ኤ.አ. በ1977 በአውሮፕላን አደጋ ድምፃዊውን ሮኒ ቫን ዛንትን ሲያጣ ሥራውን አቋረጠ፤ በ1987 ግን ታናሽ ወንድሙ ጆኒ ማይክሮፎኑን ተረክቦ እንደገና ተነሣ። የመጨረሻው መሥራች አባል ጋሪ ሮሲንግተን በ2023 ካረፈ በኋላም ባንዱ መጫወቱን ቀጥሏል። ማን እንደሄደና ማን እንደተተካ አድማጩ ዓመታቱን ሁሉ እያወቀ ስለመጣ፣ ትኬት የሚገዛው ሰው አልተታለለም። እኔ በጽኑ የማምነው ይህንን ነው፤ ዘፈኑን ከነባሮቹ የተረከበ ወጣት ሊከበር ይገባዋል፣ ፊቱን በሌሎች ፎቶ መሸፈን ግን እሱንም ማዋረድ ነው።

ስለዚህ ባነሩን አስወረድን፤ በምትኩ የዚያን ምሽት ተጫዋቾች ስም በትልቁ ጽፈን በሩ ላይ ለጠፍን፣ ገንዘቤ ይመለስልኝ ላለ ሁሉም እንዲመለስለት አዘዝኩ። ሥራ አስኪያጃችን በበዓል ዋዜማ አዳራሹ ባዶ ይቀራል ብለው እጅግ ሠግተው ነበር። ጥቂት ሰዎች ገንዘባቸውን ወስደው ሄዱ፤ አብዛኞቹ ግን ጽሑፉን አንብበው ገቡ። ከወኪሉ ጋር የነበረው ክርክር ከዚህ የበረታ ነበር፤ አባሪውን ዘርግተን ከተነጋገርን በኋላ የእሱ ድርሻ እንዲቀነስ፣ የወጣቶቹ ክፍያ ግን ሳይነካ በቀጥታ በእጃቸው እንዲሰጣቸው ተስማማን።

አሁን ከማንኛውም ባንድ ጋር ስንዋዋል ቀብድ የምንከፍለው የተጫዋቾቹ ዝርዝርና የቅርብ ጊዜ ፎቶ ሲደርሰን ነው። ሰው ከተቀየረም ወኪሉ ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቀን በውሉ ላይ አስገብተናል።