ኦፓ ሲል ወጣሁ

ዛሬም እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የምኖረው ጎሺዎን ውስጥ ነው፣ ሴኡል ላይ ተማሪና ብቸኛ ሰው የሚከራያት፣ አልጋና ጠረጴዛ ከገባባት ሌላ ነገር የማትችል ክፍል፣ ጎረቤቴ ሲገላበጥ ሁላ ይሰማኛል። ኢርፎን ሰክቼ ኤኤስኤምአር ከፈትኩ፣ ሰው ዘና ብሎ እንዲተኛ የሚቀረጽ ድምፅ፣ ያው ሹክሹክታ፣ የማበጠሪያ ድምፅ፣ ጆሮ መጥረግ ምናምን። እዚህ ልጅን ጭን ላይ አስተኝቶ ማንኪያ በምትመስል ቀጭን እንጨት ጆሮውን መጥረግ የእናት ስራ ነበር፣ ቪዲዮው ላይ ግን ወንዶች ቦይፍሬንድ ሆነው ይሰሩታል። ማይኩ ሁለት ጆሮ አለው፣ ግራውን ሲነካው ግራ ጆሮዬ ውስጥ ነው የሚሰማኝ፣ ከአንገቴ ጀምሮ ይነዝረኛል።

ቪዲዮው ላይ ያለው ልጅ ቀስ ብሎ «ኦኑልዶ ሱጎሄሶ» አለ። ዛሬም ለፋህ እንደማለት ነው። እንባዬ መጣ። ስንት ወር ሆነኝ እንዲህ የሚለኝ ሰው ካጣሁ። በአማርኛ ቢሆን ለፋህ ወይ ለፋሽ ብሎ መምረጥ ግድ ነው፣ ኮሪያኛው ግን ወንድና ሴት አይለይም፣ ስለዚህ ለኔ ነው ብዬ ወሰድኩት። ትንሽ ቆይቶ «ኦፓ ጸጉርሽን ያድርቅልሽ» አለ። ኦፓ ያለው ራሱን ነው፣ ኦፓ ብላ የምትጠራው ግን ሴት ናት፣ ታላቅ ወንድሟን ወይ በዕድሜ የሚበልጣትን ፍቅረኛዋን፣ ለኔ ቢሆን ህዮንግ ይል ነበር፣ ወንድ ታላቅ ወንድሙን የሚጠራበትን። በአንድ ቃል ከዛ ክፍል አስወጣኝ።

ደግሞ ሳስበው ልጁም ያሳዝነኛል። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሲያጥብ ሲያደርቅ ሲያባብል አንዴ እንኳን እኔም ደክሞኛል አይልም። ወንድ እዚህ ለስላሳ እንዲሆን የሚፈቀድለት ሲያገለግል ነው፣ እንዲያርፍ ግን አይደለም። ለወንድ የተሰሩትን ብታይ ደሞ የምታባብለው ገርልፍሬንድ ናት፣ ወይ ነርስ፣ ወንድ ለወንድ ማለት በጣም ትንሽ ነው። አብሮኝ የሚማር ኮሪያዊ አለ፣ አስራ ስምንት ወር ወታደር ቤት አገልግሎ የመጣ፣ እሱ ነው የነገረኝ፣ ወንድ በህይወቱ ሶስቴ ብቻ ነው የሚያለቅሰው፦ ሲወለድ፣ ወላጆቹ ሲሞቱ፣ አገር ስትጠፋ። የወንዶች ሽንት ቤት ግድግዳ ላይም «ወንድ ማፍሰስ የሌለበት እንባ ብቻ አይደለም» የሚል ተለጥፎ አይቻለሁ፣ ንጽህና ጠብቁ ለማለት ነው እንግዲህ፣ እዛም ቆመህ እንባህን ዋጥ ትባላለህ። እኛም ቤት ወንድ ልጅ አያለቅስም ተብዬ ነው ያደግኩት፣ አዲስ አልሆነብኝም፣ ግን ከቤት ይሄን ያህል ርቄ መጥቼም ያው መሆኑ ከበደኝ።

ስፈልግ ስፈልግ አንድ ፀጉር አስተካካይ የሆነበት ቪዲዮ አገኘሁ። ሶንኒም ነው የሚለው፣ ደንበኛ ማለት ነው፣ ወንድም ሴትም ይሆናል፣ ሲናገርም በአክብሮት ነው። አሁን አንገቴ ላይ ፎጣ እያደረገልኝ ነው፣ መቀሱ በቀኝ በኩል ይሰማኛል፣ ልተኛ።