በቀይ እስክሪብቶ የሰረዝኩት ስም

ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ደሴዎች ቅሬ እንለዋለን። የሰፈራችን ቅሬ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ መዝገብ የያዘ ነው፤ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሼሁም ቄሱም ከለቀስተኛው ጎን ይቀመጣሉ። የዚህ ቅሬ ጸሐፊ ከሆንኩ አራት ዓመት አልፎኛል። አምና በጥር፣ ጦሳ ተራራ ገና ከጉሙ ባልወጣበት አንድ የእሑድ ጠዋት፣ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ የአንዲትን እናት ስም ከመዝገቡ ሰርዤአለሁ። ያስገደደኝ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ከመሰረዜ በፊት እጄን አውጥቼ "ይሰረዙ" ካሉት ጋር ድምፅ ሰጥቻለሁ። ልቤ ግን ውሳኔውን ከመጀመሪያው አልተቀበለውም ነበር፤ ያልተቀበልኩትን ነገር በገዛ እጄ እንዴት እንደፈጸምኩት ለማወቅ ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ አንብቤአለሁ፣ ብዙም አስቤአለሁ።

እኚህ እናት ሰኞ ገበያ መደብ ዘርግተው ቃሪያና ሽንኩርት ይሸጣሉ። ባለቤታቸው ከታመሙ ወዲህ ገበያው ተቀዛቅዞባቸው የስድስት ወር መዋጮ ተጠራቅሞባቸዋል፤ የቅሬያችን ደንብ ደግሞ ስድስት ወር ያልከፈለ ይሰረዛል ይላል። የቅሬው ዳኛ ደንቡን አነበቡና "የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ" አሉ። ከፊት ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ አወጡ፤ ሁለተኛው ተከተሉ፤ ሦስተኛውም አወጡ። ከዚያ በኋላ እጁ ሁሉ ነፋስ እንደነካው የጤፍ ማሳ ከፊት ወደ ኋላ ተነሣ፤ የእኔም አብሮ ተነሣ። ዳኛው ወዲያው ወደ እኔ ዞረው "መምህር፣ በል ሰርዘው" አሉኝ። ማስመሪያዬን ከስማቸው ላይ አጋድሜ፣ መስመሩ እንዳይጣመም ተጠንቅቄ፣ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩ። እስከ ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ያ ጥንቃቄዬ ነው።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ቡና ጠሩን። አምስት የቅሬው አባላት ነበርን፤ አምስታችንም እጃችንን አውጥተናል። አቦሉ እንደተቀዳ እትዬ የምላቸው ጎረቤታችን "ኧረ እኔስ የዛሬው ነገር አልተዋጠልኝም" አሉ። ጋሼ የምላቸው ሌላው ጎረቤቴም ሲኒያቸውን አስቀምጠው "እኔም እኮ ደስ ብሎኝ አይደለም፤ ሰዉ ሁሉ ሲያወጣ ጊዜ ነው" አሉ። ቶናው እስኪቀርብ ድረስ ከአምስታችን በውሳኔው ያመነ አንድም እንዳልነበረ ተረዳን። እያንዳንዳችን የራሳችንን እጅ ይሉኝታ ያነሣው መሆኑን እናውቃለን፤ የጎረቤታችንን እጅ ግን እምነቱ ያነሣው አድርገን ቆጥረነዋል።

ይህ ነገር በእኛ ሰፈር የተጀመረ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉትን ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳቸዋለሁ።) ዋርሶ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰሎሞን አሽ በ1950ዎቹ ባደረጋቸው ሙከራዎች ወጣት ተማሪዎችን አንድ ክፍል ሰብስቦ አንድ መስመር ያሳያቸዋል፤ ቀጥሎም ከሦስት መስመሮች ውስጥ በርዝመት ከመጀመሪያው ጋር እኩል የሆነው የቱ እንደሆነ በየተራ ጮክ ብለው እንዲናገሩ ይጠይቃቸዋል። ጥያቄው ሕፃን የማይስተው ነበር፤ ብቻቸውን ሆነው ሲመልሱ ስሕተታቸው ከመቶ አንድ አይሞላም። ነገር ግን ከአንዱ በስተቀር ሌሎቹ ሁሉ አስቀድመው ከአሽ ጋር የተመካከሩ ናቸውና በተወሰኑ ዙሮች ላይ በአንድ ድምፅ የተሳሳተውን መስመር ይመርጣሉ። በ1956 ባሳተመው ጥናት 123 ሰዎች በዚህ ሁኔታ ተፈትነው፣ በእነዚያ ዙሮች ከሰጧቸው መልሶች 37 በመቶ ያህሉ ከብዙኃኑ ስሕተት ጋር የሚስማሙ ሆነው ተገኙ፤ ከአራቱ ሰዎች ሦስቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው ጆሯቸው የሰማውን ተናግረዋል። ይህን ያህል ጫና ለመፍጠር ደግሞ ብዙ ሕዝብ አላስፈለገም፤ ሦስት ሰው በቂ ነበር። እኔ ይህን ሳነብ ከፊት ወንበር የተቀመጡት ሦስቱ ሽማግሌዎች ትዝ አሉኝ።

ሰው ከሰው ጋር የሚመሳሰለው ግን ሁልጊዜ በአንድ ምክንያት አይደለም። የምኖረው ደሴ፣ የማስተምረው ኮምቦልቻ ስለሆነ በየማለዳው በሚኒባስ ሐረጎን እወርዳለሁ። ክረምት ላይ ጉሙ መንገዱን ሲውጠው ሾፌሩ የሚያየው ከፊቱ ያለውን መኪና ቀይ መብራት ብቻ ነው፤ እሱ ሲታጠፍ ይታጠፋል፣ እሱ ሲቆም ይቆማል። ይህ ከፍርሃትም ከይሉኝታም የመጣ አይደለም፤ እሱ ያላየውን ሌላው አይቶ ይሆናል ከሚል የመነጨ ነው። ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሙዛፈር ሸሪፍ በ1935 ያሳተመው ሙከራ ይህንኑ ያሳያል። በጨለማ ክፍል ውስጥ ያለች የብርሃን ነጥብ፣ ሳትንቀሳቀስ፣ ለዓይን የምትንቀሳቀስ ትመስላለች፤ ስንት እንደተጓዘች ሰዎች በቡድን ሆነው ሲገምቱ ግምታቸው ቀስ በቀስ ወደ አንድ ቁጥር ይሰበሰባል፤ በኋላ ብቻቸውን ሲጠየቁም ያንኑ የቡድናቸውን ቁጥር ይዘው ይቀራሉ። በእኛ ስብሰባ ላይ ግን ጉም አልነበረም። ሴትዮዋ ችግር ላይ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቅ ነበር። እጃችንን ያነሣው ሁለተኛው ኃይል፣ አማርኛችን ይሉኝታ ብሎ በአንድ ቃል የጠራው፣ ከሰው ተለይቶ የመታየት ፍርሃት ነው። ይህ ቃል በሌላ ቋንቋ እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ አይመስለኝም፤ እኛ ግን ቃሉን ስለለመድነው ጉልበቱን የምንመዝነው አይመስልም።

ወደ ጸሐፊነቱ የገባሁበት መንገድም ሊነገር የሚገባው ነው፤ እዚያ ወንበር ላይ ባልቀመጥ ኖሮ እስክሪብቶው በእጄ አይሆንም ነበርና። ከአራት ዓመት በፊት ዳኛው "መምህር፣ ለዛሬ ብቻ ስም ጥራልን" አሉኝ። እሺ አልኩ። በሚቀጥለው ወር "እጅህ ያምራልና ቃለ ጉባኤውንም ያዝልን" ተባልኩ፤ እሺ አልኩ። በሦስተኛው መዝገቡ፣ ማኅተሙና የደረሰኙ ጥራዝ እቤቴ ነበሩ። ከመጀመሪያው "አራት ዓመት ጸሐፊ ሁንልን" ቢሉኝ ሥራዬን ጠቅሼ እምቢ እል እንደነበር አልጠራጠርም። ጆናታን ፍሪድማንና ስኮት ፍሬዘር በ1966 ባሳተሙት ጥናት በካሊፎርኒያ የቤት ባለቤቶችን "በጥንቃቄ ያሽከርክሩ" የሚል ትልቅና የማያምር ሰሌዳ ግቢያቸው ውስጥ እንዲተክሉ ጠየቁ። ቀጥታ ከተጠየቁት 17 በመቶው ብቻ ተስማሙ፤ ቀደም ሲል ስለ ጥንቃቄ የምትናገር ትንሽ ምልክት ለመለጠፍ እሺ ካሉት መካከል ግን 76 በመቶው ተስማሙ። ትንሿ እሺታ ሰውየው ስለ ራሱ ያለውን አሳብ ትለውጠዋለች፤ "እኔ ለእንዲህ ያለ ነገር እሺ የምል ሰው ነኝ" ብሎ ያምናል፣ ቀጣዩን እምቢ ማለትም ራሱን መካድ ይመስለዋል። በዚህ መንገድ ብዙ መልካም ሥራ ይሠራል፤ እኔም በጸሐፊነቴ አልተጸጸትኩም። የሚያሳስበኝ ግን ሰው እሺ ባለ ቁጥር ለየትኛው እሺ እንዳለ የሚቆጥርበት ጊዜ አለመኖሩ ነው።

ወደ "በል ሰርዘው" ልመለስ። ስታንሊ ሚልግራም ከ1961 ጀምሮ በየል ዩኒቨርሲቲ ያደረገው ሙከራ በሰፊው የታወቀ ስለሆነ ባጭሩ አልፈዋለሁ። ሰዎች፣ ሌላ ሰው ጥያቄ በሳተ ቁጥር ከ15 እስከ 450 ቮልት በሚደርስ ኤሌክትሪክ እንዲቀጡት ታዘዙ፤ ኤሌክትሪኩ የሐሰት፣ ተቀጪውም ተዋናይ መሆኑን አያውቁም። በ1963 በታተመው የመጀመሪያ ጥናት ከ40ዎቹ 26ቱ እስከ መጨረሻው ማብሪያ ደረሱ። እኔን ከዚህ በላይ የያዘኝ ግን ብዙም የማይወራለት ሌላው የሙከራው ዓይነት ነው። በዚያኛው ማብሪያውን የሚጫነው ሌላ ሰው ሲሆን፣ ተፈታኙ የሚሠራው ጥያቄ እንደማንበብ ያለ የረዳትነት ሥራ ብቻ ነበር። ከ40ዎቹ 37ቱ ሥራቸውን እስከ መጨረሻው ቀጠሉ። ወሳኙ እኔ አይደለሁም፣ እኔ መዝጋቢ ብቻ ነኝ የሚል ሰው ኅሊናውን የሚያሳርፍበት ቦታ ያገኛል። እኔም አግኝቼ ነበር፤ የወሰነው ጉባኤው ነው፣ ያዘዙት ዳኛው ናቸው፣ የእኔ ድርሻ መስመሩን ቀጥ ማድረግ ነው ብዬ ነበር።

ፈርቼ ነው ብል ግን እውነቱን አልተናገርኩም። አሌክስ ሃስላምና ስቲቨን ራይከር የሚልግራምን ሙከራ እንደገና መርምረው፣ ሰዎቹ የታዘዙት ለትእዛዝ ዕውር ስለሆኑ ሳይሆን ሥራው ለሳይንስ ይጠቅማል ብለው ከተመራማሪው ጎን ስለቆሙ ነው ይላሉ። ጄሪ በርገር በ2009 ባሳተመው ድጋሚ ሙከራ "ሌላ ምርጫ የለህም፤ መቀጠል አለብህ" የሚለው ቁርጥ ያለ ትእዛዝ ከተሰጣቸው ሰዎች አንድም የቀጠለ አልነበረም። እኔም ዳኛው ቢቆጡኝ ኖሮ ምናልባት እምቢ እል ነበር። አልተቆጡኝም፤ በአክብሮት ነው ያዘዙኝ፤ ቅሬውን እወደዋለሁ፣ ደንቡም ቅሬውን የሚያቆመው ምሰሶ መሆኑን አምናለሁ። የሰረዝኩት በምወደው ነገር ስም ነው።

በውጭ መታዘዝና በውስጥ ማመን የተለያዩ መሆናቸውን እኛ የወሎ ልጆች ከአያቶቻችን ታሪክ እናውቀዋለን። ከደሴ ወጣ ብሎ ባለው ቦሩ ሜዳ፣ በ1878፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በጠሩት ጉባኤ የወሎ ሙስሊም መሳፍንት ክርስትና እንዲቀበሉ ታዘው ነበር። መሐመድ ዓሊ ራስ ሚካኤል ሆኑ፤ በኋላም ደሴን መናገሻቸው አድርገው የአይጠየፍን አዳራሽ ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ሼህ ጠልሃን የመሰሉ ደግሞ እምቢ ብለው ተነሡ። በመካከል የነበረው ብዙ ሕዝብ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ እንደኖረ ይነገራል። "ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ" እንላለን፤ አገሩ ተቀምጦ የተጫነም እንዳለ ግን ያ ዘመን ያሳያል። የዚያ ዘመን ሰዎች ሕይወታቸውን ለማትረፍ ያደረጉትን እኔ ምንም በማላጣበት የእሑድ ስብሰባ ላይ ማድረጌ የበለጠ ያሳፍረኛል።

ይህን ስጽፍ መመሳሰልን ሁሉ እንደ በሽታ ቆጥሬ አይደለም። ጡሩምባው በሌሊት ሲነፋ ማንም "ዛሬ ልሂድ ወይስ ልቅር" ብሎ አይመዝንም፤ ሰዉ ሲወጣ አይቶ ይወጣል፣ በዚህም ምክንያት በሰፈራችን ሬሳውን ይዞ ብቻውን ያደረ ቤት አላውቅም። በ1996 የታተመ፣ ሮድ ቦንድና ፒተር ስሚዝ ከ17 አገሮች 133 ጥናቶችን ሰብስበው የመረመሩበት ሥራ፣ እንደ አሽ ባለ ሙከራ መመሳሰል የሚበረታው አብሮነትን በሚያስቀድሙ አገሮች መሆኑን አሳይቷል። አብሮነታችን ሙቀቱን የሚሰጠን ከዚያው ምንጭ ነውና፣ ምንጩን ለማድረቅ የሚፈልግ ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም።

ይሁን እንጂ አሽ ሁለት ነገር አግኝቷል። ከብዙኃኑ መካከል አንድ ሰው እንኳ እውነቱን ሲናገር የጫናው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል፤ መልሱ በቃል መሆኑ ቀርቶ በወረቀት ሲጻፍም እንዲሁ በእጅጉ ይቀንሳል። በየካቲት ስብሰባ ዋዜማ ወደ ዳኛው ቤት ሄጄ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ፣ ድምፁም በወረቀት እንዲሆን ጠየቅሁ። ይቆጡኛል ብዬ የጠበቅኋቸው ሰው "እኔስ ደንብ ሆኖብኝ እንጂ መች ወድጄ" አሉኝ። በማግሥቱ እትዬ ቀድመው ተነሥተው ተናገሩ፤ እኔም ቀጥዬ እጄን ያወጣሁት ሳላምንበት እንደነበር ተናገርኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከተማሪ ደብተር ወረቀት ቀድደን አደልን፤ መጻፍ ለማይችሉት ሲባል ክብ የሣለ ይመለሱ፣ መስመር ያሰመረ እንደተሰረዙ ይቅሩ ተባለ፤ ወረቀቶቹም በዳኛው ባርኔጣ ተሰበሰቡ። 43 ወረቀት ቆጠርን። መስመር ያለባቸው 6 ብቻ ነበሩ። የእነዚያን ስድስት ሰዎች አሳብም አከብራለሁ፤ በጥር እጃቸውን ያወጡት አምነውበት ነበርና።

ስማቸውን ከገጹ ግርጌ በሰማያዊ ጻፍኩት። ቀዩ መስመር ግን ካለበት አለ፤ መዝገብ አይፋቅም። በሳምንቱ ሰኞ ማታ፣ ከገበያ ሲመለሱ፣ የሁለት ወር መዋጮ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው እቤቴ መጡ። ፊደል ስላልቆጠሩ ስማቸው የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቁኝና በጣቴ አሳየኋቸው። ከዚያ ወደ ላይ ጠቁመው "ይሄ ቀዩስ ምንድን ነው?" አሉኝ። እሱም ስማቸው እንደሆነ፣ የሰረዝኩትም እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም አሉ። ቋጠሮውን ፈትተው ብሩን ከመዝገቡ ላይ አስቀመጡና "በል ልጄ፣ ደረሰኜን ጻፍልኝ" አሉኝ።