ስንት ኩንታል ይፈጃል?

ጣናን የወረረውን አረም፣ እምቦጭን፣ በባልዲ እያሳደግን ጨው የምናጠጣበት ጊዜ ነበር። ፕሮፖዛሉ ብዙ ገጽ ነው፤ ባጭሩ ግን ጨው አልባ ውኃ የለመደ ተክል ስንት ድረስ ይችላል ነው ጥያቄው። ከእምቦጩ ጎን ደንገልም ነበረን፣ እሱን ግን ዞር ብሎ ያየው የለም።

የሚገርመው፣ ተክሉ ውኃ ላይ ተንሳፍፎ ይጠማል። ውጪ ጨው ከበዛ ሥሩ ውኃ መሳብ ያቅተዋል፣ የቅጠሉ ቀዳዳዎች ይዘጋሉ፣ አዲስ ልጅ መጣሉን ያቆማል። ቀጥሎ ሶዲየምና ክሎራይዱ ውስጡ እየተጠራቀመ የፖታሲየሙን ቦታ ይቀማል፤ ያረጁት ቅጠሎች ቀድመው ከጫፋቸው ያርራሉ። በሊትር 2 ግራም ላይ መልኩ ይከፋል እንጂ ይኖራል። ከ6 እስከ 8 ግራም ሲደርስ አበቃለት።

ኃላፊያችን እንግዶች ይዘው ከተፍ ያሉት ታዲያ የ8 ግራሙ እየበሰበሰ ባለበት ሰሞን ነው። ላብራቶሪ ገብተው አያውቁም፣ ሽታውን እንኳ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

«ምንድን ነው የገደለው?»

«ጨው ነው።»

«ይኼ የምንበላው?»

«ያው በሉት።»

ወደ እንግዶቹ ዞሩ። «አያችሁ? ገበሬው ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ይነቅላል፣ መድኃኒቱ ለካ ሱቅ ተቀምጧል!»

ዝም ማለት አልሆነልኝም። «ጣና እኮ ባልዲ አይደለም» አልኩ።

«እሱን አጣሁት እህቴ? ስንት ኩንታል ይፈጃል ነው የምልሽ።»

ስልኬን አውጥቼ እዚያው መታሁት። ጣና ወደ 28 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። በሊትር 6 ግራም ማለት በሜትር ኩብ 6 ኪሎ ነው። 168 ሚሊዮን ቶን ወጣ። ዓለም በሙሉ በዓመት ከሚያመርተው ጨው ከግማሽ ይበልጣል። ይኼን ስላቸው ይስቃሉ ብዬ ነበር።

«በአንዴ ማን አለ? በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ብንጨምርስ?»

«ዓባይ ይዞት ይሄዳላ!»

አንዱ እንግዳ «ግብፅ ይኼን ብትሰማ...» ብሎ ሲጀምር ሁሉም ሳቁ፣ እሳቸው ሲቀሩ። እኔም ሞቅ አለኝና ቢጫ የሆነውን ደንገል እያሳየሁ ቀጠልኩ፤ ይኼም አብሮ ይሞታል፣ ታንኳው ከምን ሊሠራ ነው? ዓሣውስ? የእምቦጩ ፍሬ ደግሞ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ተኝቶ መቆየት ይችላል፣ ጨው ታጥቦ እስኪሄድ ቢጠብቅ ምን ቸገረው? «ጥሩ ነው፣ ጻፊው» አሉኝ። ጻፍኩት።

የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሲወጣ ጨው እምቦጭን እንደሚገድል መረጋገጡ በደማቁ ተቀምጧል። ስለ ሐይቁ የጻፍኩት አንቀጽ የለም። ስሌቴ ግን አልተጣለም፣ «ያጋጠሙ ተግዳሮቶች» ከሚለው ሥር ገብቷል፤ የበጀት እጥረት ተብሎ።

አሁን እንግዳ ይመጣል ከተባለ የሞቱትን ባልዲዎች ወደ ጓሮ እናወጣቸዋለን። የምናሳየው ኮንትሮሉን ነው፣ ጨው ያልነካውን፤ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ አበባውን የዘረጋ፣ ለፎቶ የሚመች። ባለፈው አንዷ እንግዳ አበባውን ስታደንቅ ቆይታ ለግቢዋ ኩሬ አንድ ዘለላ እንድሰጣት ለመነችኝ።