በወፍጮ የተቃኘ መሰንቆ

ኮምቦልቻ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምህንድስና አራተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ማንም ያላዘዘኝን፣ ነጥብ የማይያዝበትንና ከትምህርቴ ጋር አይገናኝም ብዬ ያሰብሁትን አንድ ሥራ ጀመርሁ። ሐሳቡ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ የሚሰሙትን ድምፆች ቀርጾ፣ ከመሰንቆ ጋር አዋድዶ፣ አንድ ሰዓት የሚፈጅ የድምፅ ድርሰት ማዘጋጀት ነበር። ሥራው ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው አለቀ፤ ርዝመቱም 18 ደቂቃ ሆነ።

ቤተሰቦቼ ደሴ ስለሚኖሩ አርብ ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ እወጣለሁ፣ እሑድ ማታ እወርዳለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም የሁለቱ ከተሞች ከፍታ ከ600 ሜትር በላይ ስለሚለያይ፣ ደሴ ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ አጣጥፎ ክንዱ ላይ ያደርገዋል። ድምፁም አብሮ ይለወጣል። ዶሮ መዝለያ ላይ፣ ቦርከና በጠባቡ ገደል መካከል በሚያልፍበት ቦታ፣ የሞተሩ ጩኸት ከድንጋዩ እየተመለሰ መኪናውን ይሞላዋል፤ ከገደሉ ወጥቶ ሜዳው ሲገኝ ደግሞ በአንድ ጊዜ ይሳሳል። ይህን ካስተዋልሁ ቆይቼ ነበር። ሥራ ሊሆን ይችላል ብዬ ያሰብሁት ግን የተማሪዎች የኪነ ጥበብ ክበባችን እያንዳንዱ አባል በዓመቱ መጨረሻ የራሱን ፈጠራ ይዞ እንዲቀርብ በወሰነ ጊዜ ነው። አማካሪ አልተመደበልንም፣ ገንዘብም አልነበረም፤ የተሰጠን ቀን ብቻ ነው።

ዕቅዱን በሁለት ሌሊት ጻፍሁት፤ ከመጠን በላይም ያምር ነበር። ወሎ የቅኝት አገር ነው ሲባል እየሰማ ላደገ ሰው መንገዱን አራት ቦታ ከፍሎ ለእያንዳንዱ አንድ ቅኝት መስጠት እጅግ የሚያጓጓ ሐሳብ ነው። ትዝታን ለፒያሳ፣ አምባሰልን ለጦሳ ተራራ፣ አንቺ ሆዬ ለኔን ለዶሮ መዝለያ፣ ባቲን ለኮምቦልቻ አደልሁ። እንደሚታወቀው አምባሰልና ባቲ የቦታም ስሞች ናቸው፤ አምባሰል ከደሴ በስተ ሰሜን ያለ ተራራማ አገር ሲሆን፣ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ የምትገኝ፣ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። ሁለቱም እኔ በምቀርጸው መንገድ ላይ እንደሌሉ ልብ ያልሁት ዕቅዱን ለጓደኞቼ አንብቤ ከተጨበጨበልኝ በኋላ ነበር። ጭብጨባው ግን ዕቅዱን ለማረም የሚያስችል ድፍረት አሳጣኝ፤ ስለዚህ ለአራት ወራት ያህል ራሴ የማላምንበትን ወረቀት ስከተል ቆየሁ።

መቅረጫው የሠርግ ቪዲዮ ከሚሠራ ጓደኛዬ የተዋስሁት፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነበር። በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት፣ በሁለት ቻናል ሲቀረጽ አንድ ሰዓት ድምፅ ከ1 ጊጋባይት ጥቂት ይበልጣል፤ ይህን ቀድሜ ባለማስላቴ የመጀመሪያው ቅዳሜ ገና እኩለ ቀን ሳይሆን ሚሞሪ ካርዱ ሞላብኝ። የድምፁን መጠን ማስተካከልም የተማርሁት በኪሳራ ነው። የቤተ ክርስቲያን ደወል በቀረጽሁበት ማለዳ መጠኑን ለወፎቹ ድምፅ እንደሚስማማ አድርጌ ትቼው ስለነበር፣ ደወሉ ሲመታ ሞገዱ ጫፍ ጫፉን ተቆረጠ። እንዲህ የተቆረጠ ዲጂታል ድምፅ በኋላ ቢቀንሱት አይድንም። ከዚያ ወዲህ ከሚጠበቀው ትልቁ ድምፅ ላይ 12 ዴሲቤል ያህል ክፍት ቦታ መተው ልማዴ ሆነ።

ስለ ነፋሱ ትንሽ ልናገር። አዝዋ ገደል አፋፍ ላይ የቀረጽሁት ሁሉ ጉርምርምታ ብቻ ሆኖ ሲገኝ፣ የባለሙያዎች ማይክሮፎን ፀጉራም ልብስ እንደሚለብስ አስታውሼ ከቤት የአጎዛ ቁራጭ ወስጄ ሰፋሁለት። ነፋሱ ቀረ፤ ድምፁም አብሮ ቀረ፣ ምክንያቱም ከፀጉሩ ሥር ያለው ቆዳ አየሩን አያሳልፍም። መፍትሔው የተገኘው ከሰልባጅ ተራ ነው። የሕፃን ካፖርት ኮፍያ ላይ የነበረው ሰው ሠራሽ ፀጉር ጀርባው ሳሳ ያለ ሹራብ መሰል ጨርቅ ስለሆነ፣ ነፋሱን ሲሰብር ድምፁን ያሳልፋል። እናቴ አጎዛዋን በመቁረጤ እስከ ዛሬ ታነሣብኛለች።

በአራት ወር ውስጥ 31 ሰዓት ቀረጽሁ፤ በኩራትም ለሰው እናገር ነበር። ፋይሎቹ መቅረጫው በሰጣቸው ቁጥር ብቻ ተደርድረው፣ የትኛው የደሴው ሰኞ ገበያ፣ የትኛው መናኸሪያ እንደሆነ የሚለይ አንድም ማስታወሻ ሳይኖራቸው ላፕቶፔ ውስጥ ተከመሩ። መቅረጽ ደስ ይላል፣ ሥራ የሠሩም ያስመስላል። የተቀረጸውን ተቀምጦ መስማት ግን ያንኑ ያህል ሰዓት ይጠይቃል፤ 31 ሰዓት ከፈተና ጋር ተደርቦ የት ይገኛል? በመጨረሻ በየሌሊቱ አንድ አንድ ሰዓት እየሰማሁ፣ በደብተር ላይ ደቂቃውን፣ ቦታውንና የሚሰማውን እየጻፍሁ ከወር በላይ ፈጀብኝ። ያን ደብተር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬው ቢሆን ኖሮ ከግማሽ የሚበልጠውን ባልቀረጽሁት ነበር፤ ስምንት ጊዜ የቀረጽሁት የመናኸሪያ ረዳቶች ጥሪ ስምንቱም ጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑን በሁለተኛው ላይ አውቅ ነበርና።

ሆን ብዬ የጣልሁትም አለ። በአንድ የዱዓ ስብሰባ ላይ አስፈቅጄ መንዙማ ቀርጬ ነበር፤ የድቤውና የጭብጨባው ጥራት ከቀረጽሁት ሁሉ የላቀ ነበር። ፈቃድ የሰጡኝን ሽማግሌ ከመሰንቆ ጋር እንደማዋሕደው ስነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና፣ “ልጄ፣ መቅረጹን ፈቅጄልሃለሁ፤ አንተ ስማው። ከዘፈን ጋር መቀላቀሉን ግን አልፈቀድሁም፤ ይህ ዱዓ ነው” አሉኝ። ለመቅረጽ የተሰጠ ፈቃድ ለመጠቀም የተሰጠ ፈቃድ እንዳልሆነ እስከዚያ ቀን አስቤው አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ቀረጽኋቸው ሰዎች ሁሉ እየተመለስሁ ምን ልሠራበት እንዳሰብሁ ማስረዳት ጀመርሁ፤ ሁለት ሰዎች እምቢ አሉኝ፣ የእነሱንም አወጣሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰፈራችን ካለው ወፍጮ ቤት የቀረጽሁት፣ ሊያስፈጩ የመጡ ሴቶች ሲጨዋወቱ የሚሰማበት ሃያ ደቂቃ ያህል ድምፅ ነበር፤ ከሥሩ የማያቋርጥ እምምም የሚል ጉምታ አለበት። ይህ ጉምታ ለኤሌክትሪክ ተማሪ አዲስ አይደለም። የአገራችን መብራት በሰከንድ 50 ዑደት የሚያደርግ ተለዋዋጭ ኃይል ሲሆን፣ በሞተሩና በትራንስፎርመሩ ውስጥ ያለው ማግኔታዊ ጉልበት በእያንዳንዱ ዑደት ሁለት ጊዜ ብረቱን ስለሚስበው ጆሮ ላይ የሚደርሰው ዋናው ድምፅ 100 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 100 ንዝረት፣ ይሆናል። እኔም የተማርሁትን ለማሳየት ይመስል፣ ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ጉምታውን ለማጥፋት ሦስት ሳምንት ታገልሁ። 50ን፣ 100ን፣ 150ን አንድ በአንድ ቆረጥሁ፤ ቀጥሎም ጩኸት መቀነሻውን ደረብሁበት። የቀረው የሴቶቹ ጨዋታ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ድምፅ ሆነ። ያንኑ ይዤ በጓደኛዬ ኪቦርድ የትዝታን ቅኝት ልጫወትበት ብሞክር እንቢ አለኝ፤ ተርፎ የቀረው ጉምታ ከኪቦርዱ ቁልፎች ከአንዱም ጋር አልገጥም አለ። ኋላ ሳሰላው ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ለ100 ኸርዝ የሚቀርቡት ሁለት ቁልፎች 98 እና 103.8 ኸርዝ ስለሆኑ ወፍጮው የሚያዜመው በሁለቱ መካከል ነው።

ይህን ሁሉ ለማንም አላሰማሁም ነበር። ያላለቀ ሥራ ማሳየት ነውር ይመስለኝ ስለነበር፣ በየሠርጉ የሚጫወቱትን የመሰንቆ ባለሙያ እንኳ ሁሉ ነገር ተሰናድቶ ሲያልቅ ብቻ ጠርቼ የድርሻቸውን ለማስቀረጽ ነበር ያሰብሁት። ወደ ቤታቸው የሄድሁት ጊዜው ስላለቀብኝ ነው። ያጸዳሁትን ቅጂ ከፍቼ ሳሰማቸው ጆሯቸውን ወደ ላፕቶፑ አስጠጉና፣ “እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው? ውሃ ውስጥ ናቸው እንዴ?” አሉ። አፍሬ ያልተነካውን ቅጂ ከፈትሁ። ምንም ሳይናገሩ መሰንቋቸውን ከግድግዳው አወረዱ፤ ደጋኑን ሙጫ አስነክተው መቃኛውን ቀስ እያሉ ጠምዘዝ፣ ላላ አደረጉ። ጭራው ከጉምታው ጋር አንድ ሲሆን ክፍሉ ውስጥ ሁለት ድምፅ መኖሩ ጠፋኝ።

“መቃኛህ ይኸው አይደለም እንዴ? ስትፍቀው የከረምኸው ይህንን ነው?” አሉኝ።

መሰንቆ አንድ ጭራ ብቻ ያለው መሣሪያ ነው፤ የሚቃኘውም ለዘፋኙ ድምፅ እንዲስማማ ተደርጎ ስለሆነ፣ ቁልፎቹ በፋብሪካ እንደተወሰኑበት ኪቦርድ ከ98 እና ከ103.8 አንዱን ምረጥ አይልም። እሳቸው የ100ን እጥፍ፣ 200ን ይዘው ተቀመጡበት፤ ወፍጮው ዘፋኝ ሆነ ማለት ነው። በየትኛው ቅኝት እንደሚጫወቱ ጠየቅኋቸውና፣ “ጋሼ፣ ትዝታ ቢሆንስ?” ብዬ ሐሳብ ሰጠሁ። እሳቸው ግን አምባሰል ጀመሩ። የአምባሰል ሁለተኛ ድምፅ ከመነሻው በግማሽ ቃና ብቻ ከፍ ስለሚል፣ ከሥር መነሻው ሳያቋርጥ እየጎመጎመ ሁለተኛው ሲመታ ሁለቱ ይፋተጋሉ፤ ያ ፍትጊያ በ31 ሰዓት ውስጥ ስፈልገው የነበረ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ስሰማው ነው። አራቱን ቅኝት፣ አራቱን ቦታና የአንድ ሰዓቱን ርዝመት በዚያ ቀን ተውኋቸው።

አንድ ተጨማሪ ነገር አስተማሩኝ፤ ለእኔ ለኤሌክትሪክ ተማሪው ትንሽ የሚያሳፍር ነው። ማታ የቀረጽሁትን ወፍጮ ከጠዋቱ ጋር ባገናኘሁበት ቦታ ላይ ደጋናቸውን አቁመው “ወረደ” አሉ። መብራቱ 50 ነው፣ አይወርድም ብዬ ተከራከርሁ። ቤት ገብቼ በኮምፒዩተር ስለካው የማታው በእርግጥ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ጭነት ሲበዛ የኃይል መስመሩ ድግግሞሽ ጥቂት እንደሚወርድ ክፍል ውስጥ ተምሬ፣ ተፈትኜም አልፌበታለሁ፤ በጆሮ ሊሰማ ይችላል ብዬ ግን ጠርጥሬ አላውቅም። ሁለቱን ቅጂዎች ከማመሳሰል ይልቅ መውረዱን እንዳለ ተውሁትና እሳቸው ጭራውን እየተከተሉ አብረው ወረዱ። ከ18 ደቂቃው ውስጥ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ስለዚያች ቦታ ነው።

በክበባችን ዝግጅት ላይ ሥራው ከሸፈ። እስከዚያ ድረስ የሰማሁት በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነበር፤ በአዳራሹ የነበሩት ስፒከሮች ደግሞ ለንግግር የሚበቁ ትንንሾች ስለነበሩ 100 ኸርዝን ጨርሶ አላወጡትም። ተመልካቹ ከሥሩ መሠረቱ የጠፋ መሰንቆና የማይታወቁ ሴቶች ወሬ ሰማ፤ አጨበጨበ፣ ወጣ። አንድ ቀን ቀደም ብሎ በዚያው አዳራሽ መሞከር አምስት ደቂቃ ብቻ ይወስድ ነበር።

ለሁለተኛ ጊዜ ያሰማሁት ደሴ፣ ግቢያችን ውስጥ ነው። የሠርግ ቪዲዮ ሠሪው ጓደኛዬ ትልልቆቹን ስፒከሮች አመጣ፣ እናቴ ቡና አፈላች፣ ጎረቤት ተጠራ፤ ባለ ወፍጮውም ሥራ ዘግቶ ዱቄቱን ሳያራግፍ መጣ። ጉምታው ሲጀምር ስኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ተንቀጠቀጡ። ባለ መሰንቆው ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ፣ ባለ ወፍጮው ግን ገና ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ አንገቱን አዘንብሎ የሚቆጥረው ነገር ያለ ይመስል ነበር። ሲያልቅ ሁሉም አስተያየቱን ሰጠ፤ የእሱ ተራ ሲደርስ፣ “ይህን የቀረጽኸው የፋሲካ ሰሞን ነው አይደል? ያን ጊዜ ቺንጋው ላልቶብኝ ነበር፤ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል” አለ። ደብተሬን አውጥቼ አየሁ። ከፋሲካ በፊት የነበረው ቅዳሜ ነው።