ሞላ ከማጠንከር በፊት፦ የአሮጌ ትራያምፍ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ

ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል) አንሸራተተ በተባለ ቁጥር ቀድሞ የሚገዛው ጠንካራ ሞላ ነው። ቀድሞ መገዛት የሌለበትም እሱ ነው። ጠንካራ ሞላ እጀታውን ያከብዳል፣ ካቦውን ያሳሳል፣ እጀታው ሲሳብ ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀውን የመግፊያ ዘንግ ጫፍ ይደፈጥጣል፤ የማንሸራተቱን ምክንያት ግን አይነካውም። እዚህ የምጽፈው ከ1963 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሞተሩና ካምቢዮው በአንድ ቅርፊት ስለተሠሩት ትራያምፍ 650 ሲሲ ሞተር ሳይክሎች ነው፤ ቲ120 ቦነቪልም ከነሱ አንዱ ነው። አሠራሩ ለብዙ የዚያ ዘመን ሞተር ሳይክሎች ይሆናል፣ ቁጥሮቹ ግን የዚህ ናቸው።

ፍሪሲዮን ሳያንሸራትት የሚያሳልፈው ጉልበት የአራት ነገሮች ብዜት ነው፦ የሞላው ግፊት፣ የሸራው የመያዝ ባሕርይ፣ የዲስኩ አማካይ ራዲየስ እና የሚፋተጉት ገጾች ብዛት። ራዲየሱን ቅርጫቱ፣ ማለትም ዲስኮቹን አቅፎ የሚይዘው ክብ ቤት፣ ወስኖታል። ግፊቱን ብንጨምር ዋጋውን የሚከፍለው የግራ እጅ ነው። ያለ ቅጣት የሚጨመረው የገጽ ብዛት ብቻ ነው። መደበኛው ፍሪሲዮን 6 ባለ ሸራና 6 የብረት ዲስኮች አሉት፤ ይህ 12 የሚፋተጉ ገጾች ማለት ነው። ከስስ ዲስኮች የተሠራ ባለ 7 ሸራ ስብስብ እዚያው ቅርጫት ውስጥ ገብቶ ገጾቹን 14 ያደርጋል። ሞላው ሳይነካ አቅሙ 17 በመቶ ያህል ያድጋል። ሞተሩ መደበኛ ከሆነ ደግሞ ይህን ትርፍ ሞላውን ለማላላት ማዋል ይቻላል፤ እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ እጀታው በሁለት ጣት የሚሳብ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ግን የቀረው ክፍል ቀጥ ብሎ ሲዞር ነው። ስለዚህ መፍታት።

የግራው ክዳን ከወጣ በኋላ ሦስቱን የሞላ ዳዶዎች ፍታ። ዳዶው ከስሩ ሞላውን የምትነክስ እብጠት ስላለችው መሃሉ የተከፈተ ካቻቪቴ ያስፈልጋል። ዲስኮቹ ከወጡ በኋላ እምብርቱ (የብረት ዲስኮቹ የሚያያዙበት የመሃል ክፍል) እንዳይዞር መያዣ ይፈለጋል። ምርጡ መያዣ የማይገዛ ነው፤ አንድ አሮጌ ባለ ሸራ ዲስክና አንድ አሮጌ የብረት ዲስክ ደራርቦ በቡሎን ማሰር። ቅርጫቱና እምብርቱ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። የመሃሉ ዳዶ ይፈታል፤ እምብርቱ ግን ሾጣጣ ዘንግ ላይ ተጨምቆ ስለተቀመጠ በመንቀያ ብቻ ነው የሚወጣው። በመዶሻ የመታው ሰው የካምቢዮውን ኩሽኔታ እየመታ እንደሆነ ይወቅ። ከሞተሩ ወደ ፍሪሲዮኑ የሚሄደው ባለ ድርብ ካቴና 84 ማያያዣ አለው፤ መክፈቻ የለውም። ስለዚህ ከሞተሩ በኩል ያለው ፒኞንና ቅርጫቱ አብረው ነው የሚወጡት፤ ከዚያ በፊት የጀነሬተሩ ሮተርና ጥቅልል መነሳት አለባቸው። ሲመለሱ በሮተሩና በጥቅልሉ መካከል ዙሪያውን ቢያንስ 0.2 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖሩን በመለኪያ ቅጠል አረጋግጥ። የተነካኩበት ቦታ ካለ ብረቱ ተፍቆ ዘይቱ ውስጥ ይገባል።

አሁን ቅርጫቱን ተመልከተው። የዲስኩ ጥርሶች የሚንሸራተቱበት የቅርጫቱ ክፍተት ግድግዳ ላይ በጊዜ ብዛት ደረጃ ይቆረጣል። እጀታው ሲሳብ ዲስኩ በዚያ ደረጃ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ማርሽ ሲገባ የሚሰማው ጩኸትና ሞተር ሳይክሉ ቆሞ ሳለ ወደፊት የሚገፋው ከዚህ ነው። ደረጃው ጥልቅ ካልሆነ በሞረድ ይስተካከላል፤ ሁሉንም ክፍተቶች እኩል መሞረድ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሥራውን ሁሉ ሁለት ጥርስ ይሸከመዋል። ጥልቅ ከሆነ ቅርጫቱ ይቀየር። አዲስ ዲስክ በተቆረጠ ቅርጫት ውስጥ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው።

ቅርጫቱ የሚዞረው በ20 ሮለሮች ላይ ነው። ውፍረታቸው 6.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ርዝመታቸው ግን ከ6 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ይህች ከሩብ ሚሊ ሜትር የምትበልጥ ልዩነት ብዙ ሰው ታሳስታለች፤ ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው ሮለር ርዝመቱም ውፍረቱም 6.35 ነው። እሱ ከገባ የመሃሉ ዳዶ ሲጠብቅ ቅርጫቱ ይቆነጠጣል፣ ፍሪሲዮኑም ምንም ብታስተካክለው አይለቅም። ገጥመህ ስትጨርስ ቅርጫቱ በጣት ገፋ ሲደረግ ያለ ድምፅ መዞር አለበት።

የብረት ዲስኮቹን አንድ በአንድ ወፍራም መስታወት ላይ አስተኛቸው። ከሥር 0.15 ሚሊ ሜትር የመለኪያ ቅጠል የሚያስገባ ዲስክ ተጣሟል። ሰማያዊ ቀለም የያዘም በግለት የተጠቃ ነውና ይውጣ። ባለ ሸራው ከአዲሱ ከ0.75 ሚሊ ሜትር በላይ ከሳሳ ይቀየር፤ በተለይ ደግሞ ጥርሱ ያበጠውን አትመልሰው። እምብርቱ ውስጥ የሞተሩን ምት የሚያለዝቡ ጎሚኒዎች አሉ። ከተፈረካከሱ ካቴናው ይንጫጫል፣ ነጂውም ጥፋቱን ካምቢዮ ላይ ይፈልጋል። አዲሶቹን ለማስገባት ትልልቆቹን በቅድሚያ፣ ትንንሾቹን በኋላ፣ በሳሙና ውሃ አርጥቦ ነው፤ ግሪስ ጎማውን ያበላሻል።

ሾጣጣው ዘንግ ላይ ያለችው ቁልፍ፣ ማለትም በዘንጉና በእምብርቱ መካከል የምትሰካው ትንሽ ብረት፣ ጉልበት ተሸካሚ አይደለችም፤ ቦታ ጠቋሚ ናት። ጉልበቱን የሚይዘው የሾጣጣው ንክኪ ነው። ስለዚህ እምብርቱን ያለ ቁልፏ በደቃቅ የቫልቭ መፍጫ ቅባት ትንሽ አሽተህ ንክኪው ዙሪያውን ግራጫ መሆኑን እይ፤ ከዚያ ሁለቱንም አጥበህ በደረቁ ግጠም። ዳዶው በ68 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል።

የሦስት ሞላ ፍሪሲዮን ድካሙ ተጫኙ ሳህን፣ ማለትም በሞላዎቹ ተገፍቶ ዲስኮቹን የሚጨምቀው ሳህን፣ ነው። ከስስ ብረት ተጨፍልቆ የተሠራው የፋብሪካው ሳህን ስስ ነው፤ አንዱ ሞላ ትንሽ ከበለጠ ይዘማል፣ ዲስኮቹም በአንድ በኩል ተከፍተው በሌላው ተጣብቀው ይቀራሉ። በማሽን ተቀርጾ የተሠራ የአሉሚኒየም ሳህን ይህን ያስወግዳል። በዚህ ሞተር ሳይክል ላይ አንድ ማሻሻያ ብቻ ይገዛ ቢባል የምመርጠው እሱን ነው፤ ከባለ 7 ዲስኩም በፊት።

ማስተካከሉ እንዲህ ነው። ዳዶዎቹን ከቡሎኑ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆኑ አጥብቅ። እጀታውን ሳብና በእግር መርገጫው ሞተሩን ቀስ ብለህ አዙር፤ ሳህኑ ሲዞር ጠርዙን ተመልከት። ወደ ውጭ የሚወጣበት ቦታ ላይ ያለውን ዳዶ ግማሽ ዙር አጥብቅ፣ ደግመህ አዙር። ሳህኑ ሳይወዛወዝ እስኪዞር ድረስ አሥር ጊዜም ቢሆን ይደገማል። አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ሆኖ ሳለ በብዛት የሚዘለለው ይኸው ነው፤ ከሚዘለሉት ሁሉ ደግሞ ለውጡ ወዲያው እጅ ላይ የሚታወቅ እሱ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የመግፊያ ዘንጉ። ካቦውን ሙሉ በሙሉ አላላው። ሳህኑ መሃል ያለችውን ማስተካከያ ዘንጉን እስክትነካ አዙርና ግማሽ ዙር መልሰህ በዳዶዋ ቆልፋት። ከዚያ ብቻ ካቦውን እጀታው ላይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት እንዲኖረው አስተካክል። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ሁሉን በካቦ ለመፈጸም የሞከረ ሰው፣ ዘንጉ ሞተሩ ሲሞቅ ሁልጊዜ ተገፍቶ ይቀርበታል፤ ሸራው ይቃጠላል፣ የዘንጉም ጫፍ ሰማያዊ ሆኖ እንደ እንጉዳይ ይሰፋል።

ዘይት ላይ አንድ ነገር። ፍሪሲዮኑና ካቴናው ያሉበት የግራ ቅርፊት በመጀመሪያ 350 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። ከ1970 ሞዴል ጀምሮ ግን ሞተሩ የሚተነፍሰው በዚሁ ቅርፊት በኩል ነው፤ በክራንኩ በኩል የነበረው ፓራኦሊዮ (ዘይት የሚያግደው ቀለበት) ስለተነሳ ፍሪሲዮኑ የሞተሩን ዘይት ይጋራል። ስለዚህ ሞተሩ ውስጥ የመኪና ዘይት የጨመረ ፍሪሲዮኑንም አብሮ ቀብቷል። ለእርጥብ ፍሪሲዮን የሚስማማ፣ ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት ያለበት ዘይት ይሁን። በዚሁ ምክንያት ካቴናውን በደረቅ ቀበቶ ለመተካት የሚያስብ ሰው በ1970ና ከዚያ ወዲህ ባሉት ላይ በቅድሚያ ፓራኦሊዮውን መመለስና ለሞተሩ ሌላ መተንፈሻ ማበጀት አለበት። ቀበቶው ቀላልና ንጹሕ ነው፣ በብርድ ማለዳም ፍሪሲዮኑ አይጣበቅም። ግን የሁለቱ ዘንጎች ርቀት በዚህ ቅርፊት የማይንቀሳቀስ ነው፣ አሉሚኒየሙ ደግሞ ሲሞቅ ይለጠጣል። በቀዝቃዛው ልክ የመሰለ ቀበቶ ሲሞቅ እንደ ክራር ጅማት ይወጠርና ኩሽኔታ ይበላል።

ወደ ካምቢዮው እንሂድ። ፍሪሲዮኑ በወጣበት ጊዜ ከኋላው ክብ ክዳን ይታያል፤ እሱ ሲነሳ የካምቢዮው ፒኞን ይገኛል። ከሁሉ ርካሹ የማርሽ ማሻሻያ ያለው እዚህ ነው፣ ካምቢዮውን መክፈትም አያስፈልግም። ሞተሩ ላይ 29 ጥርስ፣ ቅርጫቱ ላይ 58፣ ካምቢዮው ላይ 19፣ የኋላ ጎማው ላይ 46 ካለ ከፍተኛው ማርሽ 4.84 ነው፤ ጎማው አንዴ ሲዞር ሞተሩ 4.84 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ፒኞኑን በ20 ብትተካው 4.60 ይሆናል። የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር ነው ብንል፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ሞተሩ በደቂቃ 4030 ያህል ከመዞር ወደ 3830 ይወርዳል። ንዝረቱን እጅ ይለየዋል። ጉዳቱ አንደኛ ማርሽም አብሮ መርዘሙ ነው፤ ዳገት ላይ መነሳት ፍሪሲዮኑን ያስለፋል። ፒኞኑን ስታወጣ አንገቱን እይ። ፓራኦሊዮው የሚቀመጠው በሱ ላይ ነው፤ ጣት የሚሰማው ቦይ ከተቆፈረበት አዲስ ፓራኦሊዮ ዘይቱን አያቆመውም።

ባለ አምስት ማርሹ የሚገባው ከዚህ ስሌት ነው፤ ፋብሪካው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያመጣው ነው፣ ቲ120ቪና ቲ140ቪ ላይ ያለችው ቪም እሱን ታመለክታለች። የአራቱ ማርሽ ውስጣዊ ምጣኔ 2.44፣ 1.69፣ 1.19 እና 1 ነው። የአምስቱ 2.58፣ 1.84፣ 1.40፣ 1.19 እና 1 ነው። ልብ በሉ፣ ከላይ ያሉት ሁለቱ አንድ ናቸው። አምስተኛው ማርሽ ለፍጥነት የተጨመረ አይደለም፤ መሃል ያለውን ክፍተት ለመሙላት ነው። በአራቱ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲገባ የሞተሩ ዙር 30 በመቶ ይወድቃል፤ በአምስቱ ከ24 አያልፍም። አንደኛው አጭር ስለሆነ ደግሞ ከ20 ጥርስ ፒኞን ጋር ሲጣመር አንደኛ ማርሽ 11.9 ይሆናል፤ የድሮው አራት ማርሽ በ19 ጥርስ ከነበረው 11.8 ጋር እኩል ማለት ነው። መነሻው ሳይጎዳ ላይኛው ይረዝማል። ከዚህ ጥምረት ውጭ ለባለ አምስቱ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አይታየኝም። ጉልበት ሰጪም ጠንካራም አይደለም፤ ብዙ ጥርስ በዚያው ጠባብ ቤት ውስጥ ስለሚታጨቅ እያንዳንዱ ይሳሳል።

የሚገዛ ሰው ሙሉውን ይግዛ፦ ሁለቱን ዘንጎች፣ ማርሾቹን፣ ማርሾቹን የሚያንቀሳቅሱትን ሹካዎች፣ ሹካዎቹን የሚመራውን መምረጫ ሳህንና ማቆሚያውን። ከሁለት ስብስብ የተቀላቀለ ካምቢዮ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል፣ መንገድ ላይ ግን ማርሽ ያስተፋል፤ የገባው ማርሽ በራሱ ይወጣል። ማርሽ የሚተፋው ደግሞ ማርሾቹ እርስ በርስ የሚቆላለፉባቸው የጎን ጥርሶች ጠርዝ ሲከብ ወይም የሹካው ጫፍ ሲሳሳ ነው፤ ጠርዙ በጥፍር ሲነካ ስለታም ካልሆነ ማርሹ ይውጣ። በመጀመሪያ ያለ ጓርኒሲዮን ሙጫ በደረቁ ግጠመው፣ ፒኞኑን በእጅ እያዞርክ ሁሉንም ማርሾች ወደ ላይም ወደ ታችም አስገባ። አንደኛ ወይም የመጨረሻው ማርሽ እምቢ ካለ የክዳኑ ጥርስ ከመምረጫ ሳህኑ ጋር አንድ ጥርስ ተዛንፎ ነው የገባው፤ ክዳኑን ሳብ አድርገህ በአንድ ጥርስ መልሰው።

የረዳት ዘንጉን (የካምቢዮውን ሁለተኛ ዘንግ) ኩሽኔታ ምንም ጤነኛ ቢመስል ቀይረው። የሌላው የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል የኖርተን ኮማንዶ ነገር እዚህ ላይ ያስተምራል፤ ካምቢዮው ከ1950ዎቹ የተወረሰ ሲሆን ጉልበቱ ያደገ ሞተር ተጫነበት፣ የረዳት ዘንጉ የኳስ ኩሽኔታም ቤቱ እየተሰበረ ካምቢዮውን የሚያስይዝ ሆነ። መፍትሔው በሮለር ኩሽኔታ መተካት ነው፣ ዛሬም ኮማንዶ የሚያድስ ሁሉ ያን ያደርጋል።

ካምቢዮው 500 ሚሊ ሊትር የ90 ውፍረት የማርሽ ዘይት ይወስዳል። የጥራት ደረጃው ጂኤል-5 ሳይሆን ጂኤል-4 ይሁን፤ በጂኤል-5 ውስጥ ያለው የድኝ ቅመም በሙቀት የነሐስ ቦኮላዎችን (ዘንጎች የሚዞሩባቸውን ቀለበቶች) ሊበላ ይችላል።

ከመጀመሪያዎቹ 150 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱ ይለወጥ፣ የካቴናው ልቀት በጣም በጠበቀበት ቦታ 9.5 ሚሊ ሜትር መሆኑ ይታይ፣ ሸራው ሲረጋ ስለሚሳሳ የመግፊያ ዘንጉ ግማሽ ዙርም እንደገና ይለካ። ጠዋት ከመነሳትህ በፊት ሞተሩ ሳይነሳ እጀታውን ስበህ መርገጫውን ሁለት ሦስቴ ርገጥ። ዲስኮቹ ሌሊቱን በዘይት ተጣብቀው ያድራሉ።