ክዳኑን ዘግታችሁ ሳታነሱ ካሜራ አትግዙ

ይህን የምጽፈው የሌሊት ሰማይ ለማንሳት ረከስ ያለ ካሜራ ለምትፈልጉ ነው። እኔ ስገዛ ምክር አጥቼ አይደለም። የሰጡኝ ምክር ሁሉ ግን ለቀን ፎቶ የሚሆን ነበር። አንድ ሰው "የሌንሱን ክዳን ዘግተህ ሠላሳ ሰከንድ አንሳበት" ቢለኝ ኖሮ ብዙ ገንዘብና ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ሌሊቱ ጥርት ይላል። ወደ አንኮበር ወይም ወደ ጣርማበር ወጣ ካላችሁ ምሥራቁ ገደል ነው፤ ከሥሩ ቆላው ተዘርግቷል፣ መብራቱም ጥቂት ነው። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን የራቅነው 10 ዲግሪ እንኳ ስለማይሞላ፣ አውሮፓ ውስጥ ያለ አንሺ ከደጁ ሊያያቸው የማይችላቸው የደቡብ መስቀል ኮከቦችና የካሪና ኔቡላ (የሚያበራ የጋዝ ደመና) ለእኛ ይወጡልናል። ሰማዩ በነፃ ተሰጥቶናል። የሚቸግረው ካሜራው ነው።

ምርጫው ራሱ ብዙ አላስቸገረኝም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ አዲስ ካሜራ ለደመወዝተኛ የሚታሰብ አልሆነም። ስለዚህ ዩዝድ ነው የምገዛው ብዬ ተነሳሁ።

ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የሚያወጡላችሁ ያንን ረጅም ዙም ያለውን ካሜራ ነው። ጨረቃን አቅርቦ ሲያሳያችሁ ልባችሁ ይሸፍታል። ለጨረቃ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ለፍኖተ ሐሊብ ግን አይሆንም። የአብዛኛዎቹ ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) 6 በ4.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የተራ ካኖን ዲኤስኤልአር (ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ) ሴንሰር ደግሞ 22 በ15 ሚሊሜትር ገደማ። በገጽ ስፋት (ርዝመቱ በወርዱ ሲባዛ) ከ11 እጥፍ በላይ ይበልጣል። በጨለማ የሚያስፈልገን የሚሰበሰበው ብርሃን ነው፤ ዙም ይህን አይተካም።

"ፉል ፍሬም (ትልቁ ሴንሰር ያለው) ካልሆነ አትድከም" የሚሉም አሉ። አትስሟቸው። ካኖን 6ዲ ግሩም ካሜራ ነው። ግን በጀታችሁን ቦዲው ብቻ ይጨርሰውና ሌንስ ሳይኖራችሁ ትቀራላችሁ። ስለ ሜጋፒክስልም አትጨነቁ። 18 ይበቃል፣ 12ም ይሠራል። እኔ የፈለግኩት በሮው (ሴንሰሩ የያዘውን ሳይቀንስ በሚያስቀምጥ ፋይል) የሚያነሳ፣ ሁሉን ነገር በእጅ የሚያስተካክል፣ በላይቭ ቪው፣ ማለትም ከማንሳቴ በፊት ስክሪኑ ላይ፣ ኮከብን አጉልቶ የሚያሳይ ዲኤስኤልአር ነበር። በቃ።

አሁን ወደ ግዢው ልምጣ።

አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ሄድኩ። የማን እንደሆነ አልናገርም። ካሜራው ንጹሕ ነበር። የተነገረኝን ሁሉ አጣራሁ። ሹተሩ (ፎቶ ሲነሳ የሚከፈተውና የሚዘጋው መጋረጃ) ስንት ጊዜ እንደሠራ አየሁ፣ ትንሽ ነው። ሌንሱን በባትሪ መብራት አየሁ፣ ሻጋታ የለውም። ውጪ ወጥቼ መኪና አነሳሁ፣ የሰው ፊት አነሳሁ፣ የሱቁን ታፔላ አነሳሁ። ሁሉም ጥርት ያለ ነው። ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ተቀበልኩ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ።

ያን ምሽት ከከተማ ወጣ ብዬ ስታንዱን ተከልኩ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600፣ 15 ሰከንድ። ስክሪኑ ላይ የመጣው ፎቶ በኮከብ የተሞላ ነበር። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። አጉልቼ ሳየው ቀይ አለ፣ አረንጓዴ አለ፣ ሰማያዊ አለ። በጣም ብዙ ነው። ደግሞ በአንዱ ጠርዝ በኩል ሐምራዊ ጭጋግ የሚመስል ነገር አለ። ሁለተኛ አነሳሁ። እውነተኞቹ ኮከቦች ትንሽ ፈቀቅ ብለዋል። ባለ ቀለሞቹ ግን ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። የዚያን ጊዜ ጠረጠርኩ። የሌንሱን ክዳን ገጠምኩና ያንኑ 15 ሰከንድ አነሳሁ። ፎቶው ጥቁር መሆን ነበረበት። ባለ ቀለሞቹ ኮከቦች እንዳሉ ናቸው። ጭጋጉም አለ።

እነዚህ ሆት ፒክስል ይባላሉ። ሴንሰሩ ላይ ያሉ፣ ብርሃን ሳይነካቸው እንደበሩ የሚቆጠሩ ነጥቦች ናቸው። ጥቂት ሆት ፒክስል የሌለው ካሜራ የለም። ሴንሰሩ ሲሞቅና የማንሻው ጊዜ ሲረዝም ይበዛሉ። የእኔ ግን በብርድ ሌሊት፣ በ15 ሰከንድ፣ ፎቶውን ከዳር እስከ ዳር ወርሰውት ነበር። ቀን ላይ ካሜራው የሚያነሳው በሰከንድ አንድ መቶኛ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ስለሆነ ምንም አይታይም። ለዚህ ነው ሱቁ በር ላይ ያደረግኩት ፈተና ሁሉ ዋጋ ያልነበረው። ዩዝድ ካሜራ ስለመግዛት የሚመክሩ ሰዎች ሹተሩን ቁጠር ይላሉ። ለሰማይ ፎቶ ሹተሩ የመጨረሻው ጉዳይ ነው። ጨለማውን ፈትሽ የሚል ግን አንድም አላጋጠመኝም።

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ሻጩ ካሜራውን ተቀብሎ በር ላይ ወጣና መንገዱን አነሳ። "ይኸው፣ ምን ሆነ?" አለኝ። በክዳን የተነሳውን አሳየሁት።

"ክዳን ዘግተህ አንስተህ ምን እንዲታይህ ፈልገህ ነው?"

"ምንም እንዳይታየኝ" አልኩት። "መታየት የለበትም።"

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አሳየኝ። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ወሬው እዚያ አለቀ።

እኔ ግን ሕጉን አንብቤ ነበር። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ጊዜው ገና አላለፈም። ደረሰኜን፣ ካሜራውንና ያተምኳቸውን ፎቶዎች ይዤ ጉዳዩ ወደሚመለከተው አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ።

ያስተናገደኝ ሰው በትሕትና አዳመጠኝ። ከዚያ "ካሜራው ያነሳል?" አለኝ። ያነሳል። "ታዲያ ምኑ ተበላሸ?" ላስረዳ ሞከርኩ። ፎቶዎቹን አየና "ይሄ እኮ ኮከብ ነው፣ ደስ ይላል" አለ። እውነቱን ነበር፣ እየቀለደ አልነበረም። እኔ ግን ውስጤ ነደደ።

የባለሙያ ማስረጃ አምጣ ተባልኩ፣ ማኅተም ያለበት። ካሜራ ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። ጠጋኙ ጉድለቱን ወዲያው አወቀው። ማኅተም ግን አላደርግም አለ፤ "ካልጠገንኩት ምን ብዬ እጽፋለሁ? ደግሞ ሱቁ ደንበኛዬ ነው።" ማስረጃውን ከሌላ ቦታ አግኝቼ ስመለስ ሰውየው ስብሰባ ላይ ናቸው። በሌላ ቀን ስመጣ ፋይሉ ሌላ ክፍል ሄዷል። ሌላው ክፍል ደግሞ ደረሰኙን አየና "ይሄ 'ካሜራ 1' ነው የሚለው፤ የያዝከው ይሄው ካሜራ ስለመሆኑ በምን እናውቃለን?" አለኝ። ደረሰኙ ላይ የካሜራው ሴሪያል ቁጥር የለም። ሻጩ አልጻፈውም። ቀጥሎ ነዋሪነትህ ደብረ ብርሃን ስለሆነ ለምን እዚያ አታመለክትም ተባልኩ። ደብረ ብርሃን ደግሞ ሱቁ ያለው አዲስ አበባ ነው አሉኝ። በዚህ መሐል ቀኑ አለፈ። ከዚያ ወዲያ መልሱ አንድ ብቻ ሆነ፤ ጊዜው አልፏል።

እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ገንዘቡ አይደለም። ሕጉ አለ፣ ጉድለቱም በወረቀት ላይ ታትሞ ይታያል። ክዳን ዘግቶ ማንሳት የማንም ባለሙያ ማኅተም የማያስፈልገው፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ በግማሽ ደቂቃ የሚያልቅ ፈተና ነው። አንዳቸውም ግን ካሜራውን ተቀብለው ሊሞክሩት አልፈለጉም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ከመክፈላችሁ በፊት ክዳኑን ግጠሙ፣ የዓይን ማያውንም በእጃችሁ ሸፍኑ። አይኤስኦ 1600፣ 30 ሰከንድ፣ ሮው። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ አንሱ፣ ሴንሰሩ ሲሞቅ ያለውን ታያላችሁ። ከዚያ አጉሉና ከጥግ እስከ ጥግ እዩት። እዚህም እዚያም ጥቂት ነጥብ ካለ ግድ የለም። ጠርዙ ላይ ጭጋግ ወይም መስመር ካለ ተዉት። ሻጩ ይህን አልፈቅድም ካለ ምስጋና አቅርባችሁ ውጡ። ደረሰኙ ላይ ሴሪያል ቁጥሩን አስጽፉ።

ሁለተኛውን ካሜራ ያገኘሁት እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ሠርግ ከሚያነሳ ወንድማችን ነው። "ውሰደው፣ እደርበት፣ ካልወደድከው መልሰው" አለኝ። ካኖን 600ዲ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ 18 ሜጋፒክስል። በሠርግ ብዛት ጎማው ተልጧል፣ ሹተሩም ብዙ ሠርቷል። ክዳኑን ስዘጋው ግን ጥቁር ነው፣ ንጹሕ ጥቁር። ስክሪኑ ይታጠፋል። ይህን እንደ ቅንጦት አትዩት። ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ እዚህ አገር ወደ አናታችን ተጠግቶ ነው የሚያልፈው፤ ስክሪኑ ካልታጠፈ መሬት ላይ ተንጋላችሁ ነው የምታነጣጥሩት።

የተረፈኝን ገንዘብ ሌንስ ላይ አዋልኩት። አብሮ የሚመጣው ባለ 18-55 ሌንስ ለመለማመድ ይበቃል። ቀጥሎ ግን 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ግዙ (ኤፍ የሌንሱን ቀዳዳ ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። በ1.8 ኮከቦቹ ጥግ ላይ ክንፍ ስለሚያወጡ ወደ 2.8 አጥብቡት። ስታንድ ላይ አትቆጥቡ፤ የጣርማበር ንፋስ ቀላል ስታንድን ያንቀጠቅጠዋል።

ኮከቦቹ ሳይጎተቱ ስንት ሰከንድ ማንሳት እንደሚቻል ለማወቅ 500ን ለሌንሱ ርዝመት አካፍል የሚለውን ደንብ ሁሉም ያስተምራል። በካኖን ትንሹ ሴንሰር ላይ መጀመሪያ የሌንሱን ርዝመት በ1.6 ታባዛላችሁ፤ ለ18 ሚሊሜትር 17 ሰከንድ፣ ለ50 ሚሊሜትር 6 ሰከንድ ይመጣል። እኔ አልቀበለውም። ኮከቦቹ እንቁላል ይመስላሉ። 10 እና 3 ሰከንድ አድርጉት፣ ብዙ ፎቶ አንሱና በሲሪል ወይም በዲፕ ስካይ ስታከር በሚባሉት የኮምፒውተር ሶፍትዌሮች ደርቧቸው። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ሜኑው ላይ ያለውን የረጅም ጊዜ ኖይዝ (የፎቶ ብክለት) መቀነሻ አብሩት የሚሉ አሉ። እኔ አጥፉት እላለሁ። ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ያንኑ ያህል ጊዜ ለራሱ ይወስዳል፤ ግማሽ ሌሊታችሁ ይሄዳል። በምትኩ ሲጨርሱ ክዳኑን ዘግቶ፣ በዚያው ብርድ፣ በዚያው አይኤስኦና ሰከንድ ሃያ ያህል ጥቁር ፎቶ ማንሳት ነው። ሶፍትዌሩ ሆት ፒክስሎቹን በእነሱ ያጠፋቸዋል።

ብርዳችን ለሴንሰር ስጦታ ነው፣ ለባትሪ ግን ጠላት ነው። ትርፍ ባትሪ ከጋቢው ሥር፣ ከሰውነታችሁ ጋር ይሁን። ሌንሱ ላይ ጤዛ ያርፋል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይሆናል፤ በየጊዜው ተመልከቱት። ጣርማበር ላይ ጉሙ ከቆላው ሳይታሰብ ይወጣል። የምትቆሙበትን ቦታ ባለቤትና ሊቀ መንበሩን በቀን አነጋግሩ፤ በሌሊት ስታንድ ተክሎ የቆመ ሰው ያስደነግጣል።

ኮከብ ተከታይ ትራከር (ካሜራውን ከሰማዩ ዙረት ጋር እኩል የሚያዞር መሣሪያ) የምትገዙ ከሆነ መሠረቱ ከ10 ዲግሪ በታች ዝቅ ማለት መቻሉን ጠይቁ። ትራከር የሚነጣጠረው ወደ ሰሜን ኮከብ ነው፤ ኮከቡ ደግሞ እዚህ ከአድማስ ከፍ የሚለው 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፣ ከሰሜን በኩል ኮረብታ ካለ ጭራሽ አይታይም። እኔ የራሴን ትራከር አናጺ ዘንድ በሁለት ጣውላና በማጠፊያ አሠራሁ። ባለ 6 ሚሊሜትር ብሎን፣ ጥርሱ 1 ሚሊሜትር የሆነው፣ ከማጠፊያው 229 ሚሊሜትር ርቆ ይገባል፤ በደቂቃ አንድ ዙር በእጅ ማዞር ነው። በእሱ ያነሳሁትን የካሪና ኔቡላ አትሜ ሰቅዬዋለሁ። ኔቡላዋን በመጋቢት፣ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ፣ በደቡብ በኩል ከአድማስ 20 ዲግሪ ከፍ ብላ ታገኟታላችሁ። ካሜራውን አስከፍቶ የሴንሰሩን ማጣሪያ ማስወጣት ቀዩን ቀለም ያጎላዋል፣ እውነት ነው። ሳያስከፍቱም ግን ቀይዋ ትወጣለች፤ መጀመሪያ እሷን አንሱ።