በመስታወት ውስጥ የሚታየው ቤንዚን

ወደ ሜሪላንድ ከመጣሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ሌሊት ሌሊት በአንድ ነዳጅ ማደያ በካሸርነት ሠርቻለሁ፤ ብዙዎቻችን በዚህ አገር ያለፍንበት ሥራ ነው። ጥይት ከማይበሳው ወፍራም መስታወት በስተኋላ ተቀምጬ፣ ከሥሩ ባለችው መሳቢያ ብር እየተቀበልሁና መልስ እየሰጠሁ አነጋ ነበር። ስለ ጥንቶቹ የአሜሪካ የመንገድ ዳር ማደያዎች ማንበብ የጀመርሁት ገበያ በሚቀዘቅዝባቸው በእነዚያ ሰዓታት ሲሆን፣ መጀመሪያ ያስገረመኝም የዚህ ሥራ ታሪክ ከሞላ ጎደል የማያውቁትን መንገደኛ አመኔታ የማግኘት ታሪክ መሆኑ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ቤንዚን የራሱ መሸጫ ቤት አልነበረውም። የማጣሪያዎቹ ዋና ምርት ለመብራት የሚሆነው ላምባ ስለ ነበር፣ ቤንዚን ለረጅም ጊዜ እንደ ተረፈ ምርት ሲቆጠር ኖሯል፤ መኪና ያለው ሰውም ከሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ወይም ከመድኃኒት ቤት በቆርቆሮ ገዝቶ ወደ መኪናው ሰልባትዮ ይገለብጥ ነበር። በኢንዲያና ግዛት፣ በፎርት ዌይን ከተማ ይኖር የነበረው ሲልቫነስ ባውዘር በ1885 ለአንድ ባለ ሱቅ የላምባ መቅጃ ፓምፕ ሠርቶ ሸጠ፤ ከሃያ ዓመት በኋላም ለመኪና ቤንዚን እንዲያገለግል አድርጎ አሻሻለው። አውስትራሊያውያን የቤንዚን መቅጃን እስከ ዛሬ «ባውዘር» እያሉ የሚጠሩት በዚህ ሰው ስም ነው።

ሴንት ሉዊስና ሲያትል ውስጥ ቀደም ብለው ቤንዚን በቱቦ የቀዱ ቦታዎች ቢኖሩም፣ ለዚሁ ሥራ ተብሎ በንድፍ የተገነባ የመጀመሪያው ማደያ ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ገልፍ የተባለው ኩባንያ ታኅሣሥ 1 ቀን 1913 በፒትስበርግ ከተማ የከፈተው ነው። በመጀመሪያው ቀን የሸጠው 30 ጋሎን፣ ማለትም 114 ሊትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ የአንዱ ጋሎን ዋጋ 27 ሳንቲም ነበር። እኔ ባንዲት ሌሊት ፈረቃ ከማስተናግዳቸው ጥቂት መኪኖች የማይበልጥ ሽያጭ ነው። ይሁን እንጂ ጎማ መንፋትና ለራዲያተር ውሃ መስጠት ያለ ክፍያ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ኩባንያው የመንገድ ካርታ በነጻ ማደል ጀመረ።

ገዢው ግን ቤንዚኑ ከመሬት ሥር ወጥቶ በቱቦ ሲሄድ ስለማያየው፣ መጠኑ ይጉደል፣ ባዕድ ነገር ይቀላቀልበት የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ለዚህ ጥርጣሬ የተሰጠው መልስ ከሁሉም የሚማርከኝ መሣሪያ ነው፤ በ1920ዎቹ በየመንገዱ ዳር የቆመው፣ አናቱ ላይ የመስታወት በርሜል የተሸከመው ረጅም ፓምፕ። ቀጂው ጎኑ ላይ ያለውን ዘንግ ወዲያና ወዲህ እየገፋ ቤንዚኑን ወደ መስታወቱ ያወጣል፤ ገዢው በጋሎን የተሰመረውን ልክ በዓይኑ ካየ በኋላ ቀጂው ቱቦውን ሲከፍት ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ወደ መኪናው ይወርዳል። ቤንዚን ለዓይን መታየት ሲጀምር መልኩም የገበያ ጉዳይ ሆነና ኩባንያዎቹ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ቀለም እየጨመሩበት ይሸጡት ጀመር። በ1930ዎቹ መጠኑንና ዋጋውን አስልቶ በቁጥር የሚያሳይ ፓምፕ መጥቶ መስታወቱን አስቀረው። ሥራው እንደ ቀለለ አልክድም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የምናምነው ቁጥሩን እንጂ ዓይናችንን አይደለም።

ሕንጻዎቹም የተሠሩት በዚሁ አስተሳሰብ ነበር። የመኖሪያ ሰፈር ሰዎች ቆርቆሮ ለበስ ማደያ በደጃቸው እንዲቆም ስላልወደዱ፣ ፒዩር ኦይል የተባለው ኩባንያ በ1920ዎቹ መጨረሻ ካርል ፒተርሰን በተባለው ነዳፊ አማካይነት ጣሪያቸው ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ ባለ ጭስ ማውጫ የእንግሊዝ ጎጆ የሚመስሉ ማደያዎችን አሠራ። ቴክሳኮ ደግሞ በ1930ዎቹ ዋልተር ዶርዊን ቲግ የነደፈለትን፣ ሦስት አረንጓዴ መስመሮች የከበቡትን ነጭ ሕንጻ በመላ አገሪቱ ሲተክል፣ የመጸዳጃ ቤቶቹን ንጽሕና እየዞሩ የሚፈትሹ ተቆጣጣሪዎችን አሰማርቶ ነበር። በሌላ በኩል የመንገደኛን ዓይን በቀልድ የሳቡም አሉ። በዋሽንግተን ግዛት፣ በዚላ ከተማ በ1922 የተሠራችው ማደያ የሻይ ማንቆርቆሪያ ቅርጽ አላት፤ እጀታና የሻይ መውረጃ አፍንጫም ተበጅቶላታል። ይህ የሆነው ቲፖት ዶም በተባለ («ቲፖት» ማለት የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው) የዋዮሚንግ የመንግሥት የነዳጅ መሬት ሰበብ በፕሬዚዳንት ሃርዲንግ አስተዳደር ላይ በተነሣው ቅሌት ለማላገጥ ነበር፤ ከዚሁ ጋር በተያያዘ ጉቦ በመቀበል የተፈረደባቸው የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ አልበርት ፎልም በኋላ እስር ቤት ገብተዋል።

ይህ ሁሉ መስተንግዶ ግን ለሁሉም አልነበረም። ጥቁር መንገደኞችን ቤንዚን ሸጦላቸው መጸዳጃ ቤቱን የሚከለክል፣ ከነጭራሹም የማያስተናግድ ማደያ ብዙ ነበር። የሃርለም ነዋሪ የሆነው ፖስተኛ ቪክቶር ሁጎ ግሪን ከ1936 ጀምሮ ጥቁሮች ሳይዋረዱ የሚያርፉባቸውንና የሚቀዱባቸውን ቦታዎች የሚዘረዝር መመሪያ ማሳተም የጀመረው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ መመሪያውን ካሠራጩት መካከል ጥቁሮች የሚያስተዳድሯቸው ማደያዎች የነበሩት ኤሶ የተባለው ኩባንያ ይገኝበታል። ስለ ነጭ ቀለሙና ስለ ንጽሕናው ሲወራ ይህን አለመጥቀስ ታሪኩን ማጉደል ነው ብዬ አምናለሁ።

የአነስተኞቹ ማደያዎች ፍጻሜ በአንድ ጀንበር አልመጣም። በ1956 የጸደቀው ሕግ የወለዳቸው ሰፋፊ አውራ ጎዳናዎች መንገደኛውን ከየከተማው መሐል አወጡት። ደንበኛው ራሱ እንዲቀዳ ማድረግ በ1947 በሎስ አንጀለስ ገበያ አግኝቶ ነበር፤ ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ግን በየቦታው ተስፋፋ። (ኒው ጀርሲ እስከ ዛሬ ይከለክላል፤ እዚያ ስሄድ ቀጂው ወደ መስኮቴ ሲመጣ አዲስ አበባ ያለሁ ይመስለኛል።) በመጨረሻም ለዝገት የተጋለጡ አሮጌ የመሬት ውስጥ ታንከሮች እስከ ታኅሣሥ 1998 እንዲሻሻሉ ወይም እንዲዘጉ የፌዴራል መንግሥት ሲያዝ፣ ወጪውን ያልቻሉ ብዙ ባለ ማደያዎች ሥራቸውን ተዉ።

ከእነዚያ ሁሉ ባለ ማደያዎች እኔን የምትገርመኝ ሉሲል ሃሞንስ ናት። በኦክላሆማ፣ ሃይድሮ አጠገብ፣ ሩት 66 በተባለው ዝነኛ የድሮ አውራ ጎዳና ዳር በ1929 የተሠራውን ማደያ ከ1941 እስከ ሞተችበት እስከ 2000 ድረስ ያስተዳደረች ሲሆን፣ መኖሪያዋም ከፓምፖቹ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ነበር። ገንዘብ ያለቀበትን መንገደኛ ታበላ፣ ቤንዚን የሚገዛበት እንዲያገኝ ዕቃውን ትገዛው እንደ ነበር ይነገርላታል። የማረፊያ ክፍሎቿ ማስታወቂያ ሰሌዳ ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ስለተቀመጠ፣ ከአንድ የድሮ የሌሊት ፈረቃ ባልደረባዬ ጋር ሄደን አየነው። ታሪኳን ስነግረው ሰሌዳውን ለረጅም ጊዜ ሲመለከት ቆየና፣ «ሌሊት በር ሲያንኳኩባት ትከፍትላቸው ነበር ማለት ነው? ያለ መስታወት?» ሲል ጠየቀኝ።